በቀቀን የነከሰቻት ሌባ ጣቴ

ሰው ላይ ጣት ትቀስራለች ይሉኛል። ሐሰት አይደለም። ስብሰባ ላይ እቀስራለሁ። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ እቀስራለሁ። ሻይ ስጠጣ እንኳን ሌሎቹ ጣቶቼ ብርጭቆውን ሲያቅፉ አንዷ ተገትራ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው ትከስሳለች። የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ከመሃል መገጣጠሚያዋ አትታጠፍም። ሲበርድ ከአጥንቷ ውስጥ የጥርስ ሕመም የመሰለ ነገር ይነሳባታል። ጫፏ ደግሞ ሙቁን ከቀዝቃዛው አይለይም፤ የድስት ክዳን ሳነሳ መቃጠሏን የማውቀው ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ነው።

በጋዜጣ ላይ ሰው የሚያስቀይም ነገር እየጻፍኩ ስለምኖር ጠላት አጥቼ አላውቅም። ግን ግማሾቹን ያፈራልኝ ብዕሬ ሳይሆን ይቺ ጣት ናት። አንድ ሹም ገና አፌን ሳልከፍት ከመቀመጫው ተነስቶ፣ «ሴትዮዋ ሳትናገር ፈረደችብኝ» ብሎ አዳራሹን ጥሎ ወጥቷል። ሊናገር ከመጣው ነገር አንጻር፣ መውጣቱ ለሁላችንም በጀ።

ጉዱ ያለው ምክንያቷን ስጠየቅ ነው። ባለፈው ክረምት ሕመሙ ሲብስብኝ ወደ አንድ የአጥንት ሐኪም ሄድኩ። ልጅ እግር ነው። ጣቴን አገላብጦ አየና፣

«ምን ሆነው ነው?» አለኝ።

«በቀቀን ነክሳኝ።»

ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ። «ወፍ?»

«ወፍ።»

ሳቀ። እኔም ተቆጣሁ። ውሻ ቢሆን ከንፈር ይመጥልኝ ነበር፤ እባብ ቢሆን አገር ይሰማልኝ ነበር። በወፍ መነከስ ግን ክብር የለውም። ስለዚህ እዚያው ተቀምጬ ንግግር አደረግሁለት። የበቀቀን ምንቃር ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቆፍር፣ ቁስሉ ከላይ ቶሎ ገጥሞ ከሥር እንደሚመግል፣ መግሉ መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ አጥንትን ከአጥንት እንደሚያጣብቅ አስረዳሁት። ልጁ በትዕግሥት ሰማኝ።

«ይህንን እኔም ተምሬዋለሁ» አለኝ ንግግሬን ሳበቃ። «የምጠይቅዎት፣ ታዲያ ለምን በጊዜ አልታከሙም?»

 መልስስ ነበረኝ፤ ግን ራሷን የምታከብር አምደኛ ለማታውቀው ወጣት የምትነግረው ዓይነት መልስ አልነበረም።

ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች፣ አባቴም ሹፌር ሆኖ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለነበረ፣ ከሰዓት በኋላ የምውለው ሰዓት ሰሪው አጎቴ ዘንድ ነው። ሱቁ ከሁለት ደንበኛ በላይ አይዝም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰዓት ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይናገራል እንጂ ሁለቱ እንኳን አይስማሙም። አጎቴ አጉሊ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ወረንጦውን ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይሠራል። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ለውዝ እልጣለሁ። ከበሩ አጠገብ ደግሞ በሽቦ ቤቷ ውስጥ በቀቀኗ አለች።

በቀቀኗ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ነገ ይደርሳል።» ደንበኛ ገብቶ ሰላም ሳይል፣ አጎቴ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ፣ እሷ በአጎቴ ድምፅ ቁርጥ አድርጋ «ነገ ይደርሳል» ትላለች። ከሁለቱ እሷን አምናለሁ። አጎቴ እንደማይደርስ እያወቀ ነበር የሚለው።

የዚያን ዕለት አንዲት ረጅም ሴት የወርቅ ሰዓቷን ልትወስድ መጣች። ሰዓቱ የለም። አጎቴ መሳቢያዎቹን ከፈተ፣ ትንንሾቹን ቆርቆሮዎች ገለበጠ፣ በመጨረሻም በአራት እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

«እዚሁ ነው፣ እመቤት። የትም አልሄደ።»

«እግር የለው፣ የት ይሄዳል?» አለች ሴትዮዋ። «ሰዓት በእጅ ነው የሚሄድ።» ይህን ስትል ወደ እኔ ዞረች።

ዛሬ ሳስበው የዞረችው መቀመጫ ፍለጋ ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ያለችው በርጩማ የኔዋ ብቻ ነበረች። ያኔ ግን ዓይኗ እጄ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ እጄን ምን እንደማደርገው ግራ ገባኝ። ሥራ ልስጠው ብዬ አንድ ለውዝ ያዝኩና ወደ በሩ ተጠግቼ በሽቦው መሃል ለበቀቀኗ አቀበልኳት።

ለውዙን ተወችው። እኔን ያዘች።

ጩኸቴን ሲሰማ አጎቴ ከሥር ብድግ ሲል ራሱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ። በቀቀኗ ደግሞ ጣቴን ለቃ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ነገ ይደርሳል» አለች። አጎቴ በሰዓት መጥረጊያ ጨርቅ ጣቴን ጠቅልሎ እፍ እያለ ሳለ እናቴ ደረሰች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ደረቷ ላይ መርፌዎች እንደተሰኩ።

«ምን ሆና ነው?»

«ሌባ ጣቷን ነው» አለ አጎቴ።

ለቅሶዬ ቀጥ አለ።

መዋዕለ ሕፃናት ያስተማሩን «ጠቋሚ ጣት» ብለው ነው። እየዘመርን ነበር የምንቆጥራቸው። ሌባ ጣት የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢያንስ ከእኛ ክፍል። እንግዲህ እዩት፤ ሰዓት ጠፍቷል፣ ሴትዮዋ እጄን አይታለች፣ ከሰው ሁሉ መርጦ «እሜቴ» እያለ የሚጠራኝ አጎቴ ደግሞ በእናቴ ፊት ሌባዋ ጣቴ መሆኗን ተናገረ። እናቴ ልጄ እንዲህ አታደርግም ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«የትኛውን እጇን?» አለች።

«የቀኟን።»

«ወይኔ ልጄን። እኔም ፈርቼ ነበር፤ አንድ ቀን ይሄ ይመጣል ብዬ።»

ፈርታ የነበረው ወፏን ነው። እኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ከድሮም ትጠረጥረኝ ኖሯል።

ይህን ስም ያወጣውን ሰው በሕይወት ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ወፍራሙን አውራ አለው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈቶ የሚውለውን የቀለበት ጣት አለው፣ ወርቅም ሰቀለለት። በር የምታንኳኳውን፣ መንገድ የምታሳየውን፣ ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ የምታወጣውን፣ በመርፌ የምትወጋውን ሌባ አለ። ያለ ምስክር፣ ያለ ይግባኝ። አገር ሁሉ ተቀበለው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ጊዜ በጋዜጣ ጽፌያለሁ፤ አዘጋጁ ሁለቱንም ጊዜ ደህና መሆኔን ጠይቆኛል።

ወደ ሕክምና ጣቢያ ወሰዱኝ። ሲስተሯ ጣቴን አጠበች፣ ቀይ ነገር ቀባች፣ በነጭ ፋሻ ጠቀለለች፣ ከዚያም ለእናቴ በከፍተኛ ድምፅ፣

«ለጊዜው ደህና ናት። ግን ክትትል ያስፈልጋታል። ከነገ ወዲያ ለምርመራ አምጪያት፣ ቀጠሮ ይዤላታለሁ» አለቻት።

እነዚህን ቃላት አውቃቸዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ፖሊስ ይኖር ነበር፤ ሸሚዙን ልብስ መስቀያ ገመድ ላይ እያሰጣ ለሚስቱ የሚያወራው ስለዚሁ ነው። እገሌ ክትትል ላይ ነው። እገሌ ምርመራ ላይ ነው። እገሌ ቀጠሮ ተሰጥቶበታል። ከእነሱ አንዱም ቤቱ ሲመለስ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ስትሰፋ ከእግሯ ሥር ተቀምጬ ጉዳዩን ላጣራ ሞከርኩ።

«እማ፣ ሌባ ሲያዝ ምን ያደርጉታል?»

አፏ በመርፌ ተሞልቶ ነበር። «ያስሩታል» አለች በጥርሷ መሃል።

ጣቴን አየኋት። በነጭ ፋሻ ድርብርብ ተደርጋ ታስራለች።

ያን ጊዜ የወሰድኩት አቋም እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ አቋም ነው። ምንም ጥፋት አላምንም። ፋሻውን ፈትቼ ጣቴን ነጻ አወጣኋት፤ ጨርቁን ከአልጋው ሥር ወረወርኩት። እናቴ የት ሄደ ስትል «ወደቀ» አልኳት። ያምሻል ወይ ስትል «አያመኝም» አልኳት። የሚያመው ጥፋተኛ ነው። ንጹሕ ሰው ጣቱ ለምን ይመታበታል? ይመታብኝ ነበር፤ እንደ አጎቴ ትልቁ የግድግዳ ሰዓት ቋ ቋ ይልብኝ ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በግራ እጄ መብላት ጀመርኩ። እናቴ ለደንበኞቿ «ይቺ ልጅ ግራኝ ልትሆንብኝ ነው» እያለች ሳቀች።

የቀጠሮው ቀን ሲስተሯ ሥራ በዝቶባታል። እጄን ጨበጥ አድርጌ፣ የጣቴን ጀርባ ብቻ አሳየኋት። እንደ ጠበቃ የማይጠቅመኝን አላሳየሁም።

«ከላይ ገጥሟል» አለች። «ታጠፊያታለሽ?»

«አዎ።»

«ያማል?»

«አያምም።»

«ጎበዝ» አለችኝ። ምርመራውን አለፍኩ። ከሱቁ ደጃፍ እስክንደርስ ድረስ ዘለልኩ፤ ከዚያ በኋላ ማስታወክ መጣብኝ።

ትኩሳቱ ሲጀምረኝ መጀመሪያ ጉንፋን ነው አሉ። እናቴ ልብሴን ስታወልቅልኝ ነው እጄን ያየችው። አልጮኸችም። ሜትሯን እንኳን ከአንገቷ ሳታወርድ አቅፋኝ ወጣች፤ አጎቴ የሱቁን በር እንኳን ሳይቆልፍ ከኋላችን ሮጠ። በቀቀኗ ለሚመጣው ሁሉ ነገ ይደርሳል ስትል ውላ ይሆናል።

ሆስፒታሉ ውስጥ መተላለፊያው ላይ ባለ አግዳሚ ላይ አስተኙኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። አዋቂ ሰው የተኛ ልጅ ፊት የማያወራው ነገር የለም።

«ሌባ ጣቷ በጊዜ ስላልተያዘ ነው እዚህ የደረሰው» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። ሐኪሙ ነው። «አሁንም ካልተያዘ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።»

«ወደ ሌሎቹ ጣቶች?» አለች እናቴ።

«ወደ እጇም ጭምር። ዛሬውኑ መከፈት አለበት።»

«ይቆረጣል?» አለ አጎቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«እሱን እያየሁ ነው የምወስነው። ከባሰ ግን አዎ፣ ሌባዋን ቆርጬ ሌላውን ማትረፍ ነው።»

እንግዲህ ፍርዱን ሰማሁ። ሌብነት ተላላፊ ነው። ከአንዷ ጣት ወደ ሌላዋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሌባዋ ትቆረጣለች። ነገሩ ምክንያታዊ መሆኑን አልካድኩም፤ ስህተቱ ሰዓቱን ያልወሰድኩ መሆኔ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ «እዚህ ጋ ፈርሚ» የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ አየሁ። እናቴ ፈረመች። እናቴ ፈረመችብኝ።

የገባሁበት ክፍል ይበርድ ነበር፤ ከላይ ትልቅ መብራት ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ ከድምፁ ያነሰ ሰው ነው፤ ጭንብሉን አገጩ ሥር አድርጎ ፈገግ አለ። አጠገቡ አንዲት ነርስ አለች። እናቴን አረንጓዴ ጋዋን አልብሰው እስክተኛ ድረስ ከጎኔ እንድትቆም ፈቅደውላታል። ቀኝ እጄን ጨብጬ ብብቴ ሥር ወሽቄዋለሁ።

«እስቲ እጅሽን አሳዪኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አላሳይም።»

«አሳዪው፣ ልጄ» አለች እናቴ። «ለአንቺው ነው።»

«የትኛዋ ጣት ናት?» አለ ሐኪሙ።

«ሌባ ጣቷ ናት» አለች እናቴ።

እዚህ ላይ ተናገርኩ። ትኩሳቴ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያን ያህል ጥሩ ንግግር አድርጌ አላውቅም።

«እኔ ሌባ አይደለሁም» አልኩ። «ሰዓቱን አልወሰድኩም። ሴትዮዋ ስትመጣ ለውዝ እየላጥኩ ነበር። እጄ አንዴም ጠረጴዛው ላይ አልወጣም፤ አይደርስምም። ቁመቴን ለኩት። ወፏም አይታለች። ወፏን ጠይቋት።»

 ነርሷ አፏን በክንዷ ሸፈነች። ሐኪሙ ግን ጨዋ ሰው ነው፤ ጎንበስ አለና የራሱን ጣት ከፊቴ አቆመ።

«ይኸውልሽ፣ ስሟ ነው። እኔም ሌባ ጣት አለኝ።»

«እኔም አለኝ» አለች ነርሷ፣ የሷን እያሳየች።

እናቴም በመርፌ የተበሳሳችውን ጣቷን ቀና አደረገች። «እኔም ልጄ።»

ተመለከትኳቸው። ሦስቱም በአንድ አፍ አመኑ። ሌቦች መካከል ነው የወደቅሁት፤ ከመካከላቸው ደግሞ አንዷ እናቴ ናት። የራሳቸውን ጣት ሳይቆርጡ የኔን ሊቆርጡ ተነስተዋል። እጄን ይበልጥ ወደ ብብቴ ሥር አስገባሁት።

ሐኪሙና ነርሷ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

«ቆይ» አለች። «ለዚህ ነው አያመኝም ስትይኝ የነበረው?»

አልመለስኩላትም። በራሴ ላይ እንድመሰክር ልታደርገኝ ነው።

«ፋሻውንም ለዚህ ነው የፈታሽው?»

ብብቴን አጠበቅሁ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲሰበር አየሁ፤ ያኔ የተሸነፈች መሰለኝ፣ ደስም አለኝ። ወደ በሩ ሄዳ፣ መግባት ክልክል ነው የሚለው ጽሑፍ ባለበት በኩል ራሷን አውጥታ አጎቴን ጠራችው። አጎቴ ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጦ ገባ።

«የሴትዮዋ ሰዓት የት ነው?» አለችው።

«የቷ ሴትዮ?»

«ይቺ ልጅ የተነከሰች ዕለት የጠፋብህ።»

«ኧረ እሱማ» አለ አጎቴ፣ እንደ ተራ ነገር። «ከኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። የዚያኑ ዕለት አገኘሁት። ሴትዮዋም ወስዳ አጥልቃዋለች።»

«ለልጅቷ ነግረሃታል?»

«ለሷ ምን ብዬ ነው የምነግራት? እሷ ምን አገባት?»

እጄን ከብብቴ ሥር እንደወሸቅሁ ማስረጃውን መዘንኩ። ኮቱ የማን ነው? የአጎቴ። ኪሱስ? የአጎቴ።

«ታዲያ ሌባው አንተ ነህ» አልኩት።

አጎቴ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ እናቴን አያት፤ ከዚያም እጄን የወሸቅሁበትን ብብቴን አየ። ቀስ እያለ ገባው። ቆቡን ደረቱ ላይ አደረገ።

«አዎ፣ እሜቴ» አለ። «እኔ ነኝ።»

«ሁሉም ይስሙ።»

«ሰዓቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ ለሐኪሙ፣ እንባው በአፍንጫው እየወረደ። «እሷ የለችበትም።»

ይህን ታሪክ ለዓመታት የመጀመሪያ ድሌ ነው እያልኩ ስነግር ኖሬያለሁ። ከአለቆቼ ጋር ስጣላ፣ ስከሰስ፣ ስባረር፣ «እኔ እኮ በስድስት ዓመቴ ንጹሕነቴን በሐኪም ፊት ያስመሰከርኩ ሰው ነኝ» እል ነበር። ልጅ እግሩ የአጥንት ሐኪም ነው ባለፈው ክረምት ያበላሸብኝ። በመጨረሻ ሁሉንም ነገርኩት፤ የሚገርመው፣ በዚህኛው አልሳቀም። የድሮውን የራጅ ፎቶ ከአዲሱ ጋር አስተያየና፣ «ሁለት ሦስት ቀን ቀድማ ተከፍታ ቢሆን ኖሮ ትታጠፍ ነበር» አለኝ። ልከራከረው ጣቴን ቀሰርኩበት። ሌላ የምቀስረው የለኝም።

ያኔ ግን ይህን አላውቅም። ፍርዱ ተሰጥቷል። እጄን ከብብቴ አወጣሁና ጭብጤን ፈታሁ።

ሽታው ቀድሞ ወጣ። ጣቴ የኔ አይመስልም፤ ቀለሙ የበሰበሰ ፍሬ ቀለም ነው፤ እብጠቱ መዳፌን አልፎ አንጓዬ ደርሷል። የነርሷ ሳቅ ጠፋ። ሐኪሙ ጭንብሉን ወደ አፉ አወጣ። አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናቴ እጄን በሁለት እጇ ተቀበለችው። ከዚያች ጣት በስተቀር ሌላውን ሁሉ ነካች።

«አያመኝም» አልኳት። አሁን እሷን ለማጽናናት ነበር።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንግዲህ አናቆያት» አለ ሐኪሙ። ከኪሱ የቀለም እስክሪብቶ አወጣ። «እናትየው፣ ደንብ ነው፤ ከመጀመሬ በፊት ወላጅ የጣቷን ስም መናገር አለበት። የትኛዋ ጣት ናት?»

እናቴ አየችኝ። እኔም አየኋት። አፏን ስትከፍት እጄን ልጨብጥ ተዘጋጀሁ።

«ይቺኛዋ» አለች።

«ስሟን ይበሉኝ እንጂ።»

«ይቺኛዋ ናት» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከኔ ላይ ሳታነሳ።

 ሐኪሙ ጎንበስ አለና፣ የእናቴ አውራ ጣት ካረፈበት ቦታ አጠገብ፣ በሰማያዊ ቀለም ምልክት አደረገ።